ቆዪ ያልካት ላም

ወርቄ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል። ላንተ ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ አላውቅም፤ ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። እኔ ደህና ነኝ። ልጅህ ሜሮንም ደህና ናት። ቆዪም ደህና ናት። ዛሬ የምጽፍልህም በእሷ ምክንያት ነው።

ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው። የካ ሚካኤል አሳርፈንህ ስንመለስ የካራ መንገድ ጭቃ ነበር፤ አሁንም ሌላ ክረምት አልፎ መንገዱ ጭቃ ነው። በዚህ በኩል ምንም የቀረብህ ነገር የለም።

የቀን ውሎዬን የመጻፍ ልማዴን አልተውኩም። ሱቅ ዘግቼ ስገባ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ያችው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። አንተ «ዛሬስ ምን ተጻፈ? ዝናብ ዘነበ፣ ስንዱ ተናደደች?» እያልክ ታልፈኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እውነትህን ነበር። ይሄኛውን ግን ለራሴ አልጻፍኩትም፤ ያንተ ነው። ሌላ ሰውም እንዲያነበው ፈቅጃለሁ። ስለዚህ አሳምረህ የምታውቀውን ነገር አንዳንዴ ስደግም «ይሄንንስ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» እንዳትለኝ።

ከቤቱ ልጀምር። የበረቱ ጣሪያ አያፈስም። አንተ በየክረምቱ ባልዲ የምታስቀምጥበትን ቦታ ማለቴ ነው። «ባልዲው እስካለ ድረስ ምን ችግር አለ?» ትል ነበር፤ እኔ ቆርቆሮውን አስለወጥኩት። ባልዲው ግን አሁንም እዚያው ነው፤ ሜሮን አታንሺው ስላለችኝ ባዶውን ተቀምጧል። ከአጥራችን ወዲያ ስንዴ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ ፎቅ ቤት ተሠርቶበታል። ሰዎቹ መልካም ሰዎች ናቸው፤ ግን በእኛ በኩል ያለውን መስኮታቸውን አይከፍቱም ነበር። ምክንያቱን ሴትዮዋ በጨዋ ደንብ ነገረችኝ። «እትዬ ስንዱ፣ ከብቶቹ እስከ መቼ ናቸው?» ነበር ያለችኝ። ሽታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እስከ መቼ እንደሆኑ ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

ሜሮን ጠዋት ታልባለች። ያንተን ቦቲ ካልሲ ደርባ ነው የምታደርገው፤ ስትራመድ እግሯ ውስጡ ሲዋኝ ከመኝታ ቤት ይሰማኛል። ከዚያ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ሽቶዋን ተቀብታ የታክሲ ሰልፍ ልትይዝ ትወጣለች። ከመውጣቷ በፊት አንገቷን አስጠግታ «እማ፣ ላም ላም እሸታለሁ?» ትለኛለች። ትሸታለች። አልነግራትም። ማታ ማታ የማልበው እኔ ነኝ። ሳልወድ ተማርኩት። ቆዪ መጀመሪያ ሰሞን ወተቷን ከልክላኝ ነበር፤ አንገቷን አዙራ «ያኛው ሰውዬስ?» የምትል ይመስል እያየችኝ ትቆማለች። እኔ ደግሞ ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ጡቷን እያሻሸሁ ማለቤን እቀጥል ነበር።

ሁለቱን ላሞች፣ ቡላንና ዳማን፣ ሸጫቸዋለሁ። ፊትህ ቆሜ ብነግርህም በዚሁ ድምፅ ነበር የምነግርህ። በረት ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚውል ሰው ይፈልጋል። እኔ የፉርሽካና የፋጉሎ ሱቄ አለኝ፤ ሜሮን ሥራዋ አለ። አንተ የዚህ ሰፈር ከብት አርቢ ሁሉ ከእኔ መኖ ሲገዛ እያየህ «በገዛ ሚስቴ ሱቅ ወረፋ የምጠብቀው እኔ ብቻ ነኝ» ትል ነበር፤ በረቱንና ሱቁን ያያያዝከው ያው አንተ ነበርክ። ሁለቱ ላሞች ጥሩ ቦታ ገብተዋል፤ ገዢውን መርጬ ነው የሸጥኳቸው። የቀረችው ቆዪ ብቻ ነበረች። እሷንም ልሸጣት ነበር። ልንገርህ የተነሳሁት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ግን ስሟን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በብዙ ቤት ላም በመልኳ ትጠራለች፤ ቡላ በመልኳ ቡላ ናት፣ ዳማም ዳማ። የአንተ አባት እንጦጦ ማርያም አጠገብ ከብት ሲያረቡ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ለሰው ፊት ለፊት የማይሉትን ነገር በከብት ስም ይሉት ነበር። ድንበር ከገፋባቸው ጎረቤት ጋር አልተጣሉም፤ ለበሬያቸው «አየሁህ» የሚል ስም አወጡለት እንጂ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጃፋቸው ላይ ቆመው «አየሁህ! ና አየሁህ!» እያሉ ይጠሩታል፤ ጎረቤትየው አጥር ወዲያ ሆኖ ይሰማል። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ መጥቶ «ጋሼ፣ ድንበሩን እመልሳለሁ፤ የበሬውን ስም ይለውጡልኝ» አላቸው ብለህ ነግረኸኛል። እውነት ይሁን፣ አንተ የጨመርክበት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ደጋግሜ ስጠይቅህ በየጊዜው ጎረቤትየው የመለሰው መሬት እየሰፋ ይሄድ ነበር።

ለካ ልማዱ በዘር ይወረሳል። ይቺ ላማችን ገና ጥጃ ሆና፣ ተወልዳ ብዙም ሳትቆይ አንድ ጥሩ ገዢ አገኘሁላት። ጥቁርና ነጭ፣ ወገቧ ቀጥ ያለ፣ የፈረንጅ ዘር። ያን ጊዜ መሸጥ ነበረባት፤ ይህንን ዛሬም እላለሁ። አንተ በረቱ በር ላይ ተደግፈህ «ቆዪ» አልከኝ። ምክንያት የለ፣ ክርክር የለ፤ ቆዪ ብቻ። ጡት ስትጥል ሌላ ሰው መጣ። «ቆዪ።» ጊደር ሆነች። «ቆዪ እስቲ።» እኔ «እስከ መቼ?» ስልህ ሣር ማራገፍ ትጀምራለህ። ከዚያ አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ግቢ ውስጥ «ቆዪ! ቆዪ!» ስትል ሰማሁ። የምትጠራው እኔን መስሎኝ በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ዞር ብለህ አየኸኝና «አንቺን አይደለም፤ እሷን ነው። ስም አውጥቼላታለሁ» ብለህ እስክታስል ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ላም በጠራሃት ቁጥር ያንተ መልስ ይነገረኝ ነበር። «ነይ ቆዪ! ነይ ቆዪ!» ስትል የሚሰማ መንገደኛ ትምጣ ወይስ ትቁም ብሎ ግራ ሲገባው በዓይኔ አይቻለሁ።

ማምለጥ እንደምትወድ ደግሞ ታውቃለህ። የታችኛው ሰፈር ሰርግ ትዝ ይልሃል? ጊደር ሆና አጥሩን ጥሳ ወጣችና ስንፈልግ ስንፈልግ ከሰርግ ድንኳን ውስጥ ተገኘች። ሙሽሮቹ ገና አልደረሱም፤ መሬቱ ላይ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ከመግቢያው ጀምራ እየጠረገች እስከ ሙሽሮቹ ወንበር ደርሳለች። አስተናጋጆቹ በጨርቅ፣ በወንበር፣ በሰፌድ ሊያስወጧት ይሯሯጣሉ፤ እሷ በገበታው ዙሪያ ታዞራቸዋለች። እኔ ከሐፍረት የተነሳ ከውጭ ቀረሁ። አንተ ገባህ። ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሣህ፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» አልክ፣ እንደ ተጠራ ሰው ወንበር ስበህ ተቀመጥክ። ላሟን ዞር ብለህም አላየሃት። ጠላ ቀዱልህ፤ ጠጣህ። ከኪስህ አሞሌ ጨው አውጥተህ ጉልበትህ ላይ አስቀመጥክ። ሯጮቹ ሲደክማቸው ቆሙ፤ እነሱ ሲቆሙ እሷም ቆመች፤ ትንሽ ቆይታ መጥታ ጉልበትህን መላስ ጀመረች። ያን ጊዜ ተነስተህ፣ ሰርጉን መርቀህ፣ እንደ ጓደኛ ጎን ለጎን ይዘሃት ወጣህ። የሙሽራው አባት ከኋላ «ወርቅነህ፣ ቄጠማውን ማን ይመልስልኛል?» ብሎ ሲጮህ «ወተት ሆኖ ይመጣል!» አልከው። መጥቷልም፤ ሙሽራዋ ስትወልድ ለአራሷ ወተት ያመላለስኩት እኔ ነኝ።

ከብት ሲያመልጥ ከኋላው አይሮጥም ትል ነበር። ዞረህ ፊቱ ተገኝ፣ ተቀመጥ፣ አትየው። በቃ ይህ ነበር ዘዴህ። አንድ ጊዜ ሱቅ መጥተህ ስትጠብቀኝ አንድ ደንበኛ ዋጋ ሰምቶ ጥሎኝ ሲሄድ አየህ። እኔ አልተከተልኩትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ጆንያ አስተካክል ነበር። ጥግ ሳይደርስ ተመለሰ። አንተም ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለህ «ታዲያ እኔ ከብት ጥበቃ ከማን የተማርኩ መሰለሽ?» አልከኝ። ውሸትህን ነበር፤ ከአባትህ ነው የተማርከው። ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አሁን ወደ ሽያጩ። ቆዪን እርጉዝ አድርጌ ልሸጣት አሰብኩ፤ ልትወልድ የተቃረበች ላም ገዢ አታጣም። አዳቃዩን ጠራሁት። ሰውየው ሁለት ጊዜ ነው የመጣው፤ ከመጀመሪያው በኋላ ዳግመኛ ኮርማ የፈለገች መስላን «አልያዘላትም» ብለን እንደገና አስመጣነው። የመውለጃዋን ጊዜ ያሰላሁት ከሁለተኛው ነበር። ለካ የመጀመሪያው ይዟል። አንተ ብትኖር የጅራቷን ሥር በእጅህ ዳሰስ አድርገህ «ይቺ ላም ደርሳለች» ትለን ነበር። እኔ ሒሳቤን ይዤ «ገና ናት» እላለሁ።

ደምሴን ታውቀዋለህ፤ ከብት ነጋዴው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው። እሱ ጋ ተስማማን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። ሜሮን ጠዋት ቆዪን በብሩሽ አጽድታት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እስከዚያ ድረስ ስለ ሽያጩ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። በሩ ተከፍቶ፣ መኪናው ጀርባውን አዙሮ ሳለ የመወጣጫው ሳንቃ ከረዳቶቹ እጅ አመለጠና ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ድምፁ እንደ መድፍ ነበር። ቆዪ ገመዷን ከሜሮን እጅ ነጥቃ፣ በመኪናውና በግንቡ መካከል ሰው በማያልፍበት ቀዳዳ ያን ሁሉ ሆድ ይዛ አልፋ ወጣች። ከዚያ ሽቅብ፣ ወደ ጫካው።

የሠራነውን ስነግርህ ትታዘበናለህ፤ ከኋላዋ ሮጥን። ሜሮን ከፊት፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ደምሴ እያለከለከ፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ «ቆዪ! ቆዪ!» እያልን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ቀጥ ብለው ቆሙ። አልፈናቸው ዞር ስል እዚያው ናቸው። «እማማ፣ ይሂዱ፤ ላሟን ነው» አልኳቸው። «ውይ! በአንቺታ ስትጠሩኝ ጊዜ የማውቃችሁ መስሎኝ ነው እኮ የቆምኩት» አሉና መቋሚያቸውን አነሱ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ «እትዬ፣ ቆዪ ሲሏት ነው የምትሮጠው! እስቲ ሂጂ ብለው ይሞክሯት!» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም እንባ እንባ እያለኝ ሳቅሁ። እሷ ግን በጠራናት ቁጥር ፍጥነት ትጨምራለች። አንተ ስሟን በሣርና በጨው ነበር የምትጠራው፤ እኛ በጩኸት ስንጠራው ሌላ ስም ሆኖባት መሆን አለበት።

ከቤቶቹ በላይ መንገዱ ሲያልቅ ጠፋችን። ባሕር ዛፉ መካከል አንዲት ሴት የእንጨት ሸክሟን ግንድ ላይ አስደግፋ አረፍ ብላለች። «የፈረንጅ ላም፣ ሆዷ የገፋ?» አለችን ሳንጠይቃት። «ወደዚያ ወደ ጎድጓዳው ወርዳለች። ከባሏ ተጣልታ እናቷ ቤት እንደምትሄድ ሴት ነበር አካሄዷ፤ ዞራም አላየችኝ።» ከዚያ ደምሴን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ባልየው ይሄ ነው?» አለች። ደምሴ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

አገኘናት። ዝናብ የቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ቆማለች። ጅራቷን አንሥታለች፤ ጀርባዋ ጎብጧል። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ትመልሳለች። ሳያት ሒሳቤ እንደተሳሳተ ገባኝ። ሳንቃው ቢያስደነግጣትም የሸሸችው ከሳንቃው ብቻ አልነበረም፤ ምጥ ይዟት ሰው የሌለበት ቦታ እየፈለገች ነበር። እኛ ደግሞ መንገድ ሙሉ እየጮህን አሯሯጥናት።

ሜሮን ገመዱን ልትይዝ ቁልቁል ተንደረደረች። ቀሚሷን ጎትቼ «ቆዪ» አልኳት።

ለልጄ ነበር ያልኩት። ድምፄም ከፍ አላለም። ጎድጓዳው ውስጥ ያለችው ላም ግን ጆሮዋን አቁማ፣ አንገቷን አዙራ ወደ እኔ አየች። ሜሮንም ዞራ አየችኝ። ወርቄ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያንን ቃል አንተ እንደምትለው አድርጌ ለማንም ብዬው አላውቅም። እኔ ቶሎ በሉ ባይ ነኝ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእኔ ነበር፤ አባባሉ ግን የአንተ።

ተቀመጥኩ። እርጥብ ቅጠል ላይ፣ በደህና ቀሚሴ። ሜሮን አጠገቤ ተቀመጠች። ደምሴ «ኧረ እንያዛት፣ ጫካ ውስጥ እንዴት ትወልዳለች?» ሲል «ተቀመጥ» አልኩት፤ እሱም ከበላያችን ግንድ ላይ ተቀመጠ። ሦስታችንም አናያትም። ወደ ከተማው ፊታችንን አዙረን፣ በዛፎቹ መካከል የሚታየውን ጣራ ሁሉ ስናይ ቆየን። ከታች የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። እዚህ ባሕር ዛፉ ያፏጫል። ቆዪ አንድ ሁለቴ አቃሰተች፤ ከዚያ ተኛች። ሜሮን ክንዴን ይዛ ነበር። «አባባ ቢኖር አሁን ምን ያደርግ ነበር?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነበር የነገርኳት፤ አንተ ምንም አታደርግም ነበር። ምንም አለማድረግ ይህን ያህል ሥራ እንዳለው አላውቅም ነበር። እጄ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲያነሳ ቢውል እንኳ እንደዚያ ቀን አይደክመውም።

መጀመሪያ ሁለቱ የፊት እግሮች መጡ፣ ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሆነ። ሜሮን ሳላዛት ተነስታ፣ ቀስ ብላ ወርዳ፣ የጥጃዋን አፍና አፍንጫ በነጠላዋ ጠርጋ ተመለሰች። መቼ እንዳስተማርካት አላውቅም። ቆዪ ተነስታ ልጇን መላስ ጀመረች። እንደ እናቷ ጥቁርና ነጭ፣ ሴት ጥጃ ናት።

ያን ጊዜ ደምሴ «እንግዲህ እትዬ ስንዱ፣ ሁለት ሆኑ። የጥጃዋን እንጨምርልዎታለን፤ ለዚህ አንጣላም» አለ።

«ቆይ» አልኩት።

«እስከ መቼ?»

ከቀሚሴ ላይ ቅጠል ማራገፍ ጀመርኩ። ይህንን ጥያቄ ስንት ጊዜ ነው የጠየቅሁህ፤ አንተም ስንት ጊዜ ነው ሣር እያራገፍክ ያለፍከኝ። ትንቀኛለህ ብዬ እናደድ ነበር። እዚያ ቅጠል ላይ ተቀምጬ ነው ለምን እንዳልመለስክልኝ የገባኝ። መልሱን ደብቀኸኝ አልነበረም፤ መልስ አልነበረህም። ዛሬ እንዳይሆን ብቻ ነበር የምትፈልገው። ነገ ከጠየቅሁህ ደግሞ ነገም እንዳይሆን።

ደምሴ ግን ነጋዴ ነው፤ በዝምታ አይመለስም። «ቃል ነበረን እኮ» አለ። ልክ ነው፤ ቃል ነበረን፤ እኔ ደግሞ ከቃሌ የምወጣ ሴት እንዳልሆንኩ ካራ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ «የተስማማነው በምንድን ነው?» አልኩት። «በላሟ ነዋ።» «በምን ዓይነት ላም?» «በእርጉዝ ላም።» «በል እንግዲህ» አልኩት፣ ወደ ጎድጓዳው እያሳየሁት፣ «እዚህ እርጉዝ ላም ካየህ ይዘሃት ሂድ።»

ጥቂት አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ወርቅነህ ነፍሱን ይማረውና እንዴት ነበር ከእርስዎ ጋር የሚኖረው?» አለ። ሜሮን ሽያጩን ከተስማማን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ደምሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥጃዋን ኮቱን አልብሷት አንገቱ ላይ ተሸከማት፣ ቆዪም ገመድ ሳይነካት አፍንጫዋን ከጥጃዋ ሳታርቅ እስከ መንገዱ ድረስ ከኋላው ወረደች። እንጨት ተሸካሚዋ እዚያው ነበረች። «ታረቁ?» አለችው። ሊወስዳት ባመጣው መኪና ቤቷ መለሰልን።

አሁን እንግዲህ የሆነውን አንተ እንደምትፈልገው አሳምሬ አልጨርሰውም። ቆዪን እስከ መጨረሻው አልሸጣትም ብዬ አልማልልህም። መኖ ተወዷል፤ እኔ ራሴ ነኝ የምሸጠው፣ አውቀዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ወተት ፈልጎ ሱቅ ሲመጣ ፉርሽካውንም ያያል፤ ግቢዬ ውስጥ የጠገበች ላም መታየቷ ለመኖ ነጋዴ አይጎዳም። ይህንን ለሜሮን ስነግራት «እሺ እማ፣ ለንግዱ ብለሽ ነው» አለችኝ፤ አፏን በእጇ ሸፍና።

እንገሩን እንዳስተማርከን አደረግን። መጀመሪያ ጥጃዋ እስክትጠግብ ማንም አልነካውም። የተረፈውን አፍልተን፣ በሳህን አድርጌ ለፎቁ ቤት ሴትዮ በሜሮን ላክሁላት። «ምንድን ነው?» አለች። «አዲስ የወለደች ላም የመጀመሪያ ወተት ነው» አለቻት። በማግስቱ ሳህኑ ታጥቦ፣ ዳቦ ተደርጎበት ተመለሰ። በእኛ በኩል ያለውም መስኮት ተከፍቶ ዋለ። ሽታው እንዳለ ነው።

የቀረው የጥጃዋ ስም ነው። ሜሮን «ሎላ እንበላት» አለች። ለከብት ሎላ! አባትህ ቢሰሙ ከመቃብራቸው ይነሱ ነበር። ጥቂት ቀን ያለ ስም ከረመች። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ቆዪን ከበረቱ ጀርባ ካለው ሣር ልመልስ በሩ ላይ ቆሜ ስሟን ጠራሁ፤ «ቆዪ!» እንደ ልማዷ ራሷን ቀና አደረገች፣ ጥጃዋ ግን እየፈነጨች ራቀች። ጥጃዋን ልጥራ ብዬ አፌን ስከፍት የምጠራበት ስም የለኝም። ከአፌ የወጣው «እሺ!» የሚለው ነው። ሳላስበው ነው የወጣው። ከአጥሩ ሥር ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሜሮን እጇ ላይ ልብስ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወደ በረቱ ገባችና ቆይታ፣ ዓይኗን ታጥባ ወጣች።

ስሟ እሺ ነው። በኖርክበት ዘመን ሁሉ ያልሰጠሁህ መልስ ነው።

ሰው ለሞተበት ሰው አልረሳህም ይላል። እኔ በወር አንድ ጊዜ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ አስታውስሃለሁ አልልህም፤ የማደርሰውን ነው ቃል የምገባልህ። በየቀኑ ፀሐይዋ ወደ እንጦጦ ስታዘነብል፣ ሱቄን ዘግቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለቱን እጠራቸዋለሁ። አንድ ቀን ላሞቹ ባይኖሩ እንኳ በሩ ላይ መቆሜ አይቀርም።

በመንገዱ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ላም የሚጠራ ድምፅ አይመስለውም። ግቢው ውስጥ ባልና ሚስት ቆመው የሚነጋገሩ ይመስለዋል። አንዱ «ቆዪ» ይላል። ሌላዋ «እሺ» ትላለች።

ስንዱ